ጋምቤላ በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን፦ የ400 ሄክታሩ ኪራይና ከጎሬ የተዳደረው ቆላ

የጎሬ መንገደኛ (ክሩን የከፈተ)

በሌላ ክር ላይ አንድ ተሳታፊ «ጋምቤላ እስከ 1949 ዓ.ም. ድረስ የእንግሊዝ ቅኝ ግዛት ነበረች» ብሎ ሲጽፍ፣ ሌላው ደግሞ «በፍጹም፤ ከምኒልክ ጀምሮ በኢትዮጵያ አስተዳደር ሥር ነበረች» ብሎ ሲመልስለት አነበብሁ። ሁለቱም በየፊናቸው ማስረጃ ነበራቸው፤ ነገር ግን የሚናገሩት ስለ ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆኑን አላስተዋሉም። አንደኛው የሚናገረው በባሮ ዳር ስለ ተከራየችው ትንሽ የንግድ ጣቢያ ነው፤ ሁለተኛው ግን በዙሪያዋ ስላለው ሰፊ ቆላ ነው። ሁለቱም ጋምቤላ ተብለው በመጠራታቸው የአስተዳደር ታሪካቸው ይቀላቀላል። ይህን ክር የከፈትሁት ሁለቱን ለይቶ ለመነጋገር ነው። ዓመተ ምሕረቱን በሙሉ በኢትዮጵያ አቆጣጠር እጽፋለሁ፤ እናንተም እንዲሁ ብታደርጉ ከብዙ ክርክር እንድናለን።

ዳግማዊ ምኒልክ በሚያዝያ 1883 ለአውሮፓ መንግሥታት በላኩት ደብዳቤ የግዛታቸውን ዳርቻ በምዕራብ እስከ ካርቱም፣ በደቡብ እስከ ኒያንዛ ሐይቅ ድረስ እንደሚያስፋፉ አስታውቀው ነበር። ይህ አሳብ በባሮ በኩል መሬት ላይ የተፈተነው ከሰባት ዓመት በኋላ ነው። ደጃዝማች ተሰማ ናደው፣ በኋላ ራስ የሆኑት፣ ከኢሉባቦር ደጋ ወደ ቆላው ወረዱ፤ ከጦራቸው የተለየ አንድ ክፍልም ከጥቂት ፈረንሳውያንና ከሩሲያዊው መኮንን አርታሞኖቭ ጋር ሆኖ በሰኔ 1890 ሶባት ከነጭ አባይ እስከሚገናኝበት ድረስ ዘለቀ። ይሁን እንጂ እዚያ የሰፈረ ጦር አልነበረም፤ ረግረጉና ንዳዱ ከጠላት በፊት አሸንፈው መለሱት። ከዚህ በኋላ በካርታው ላይ የሚሰመረው መስመር በጦር ሳይሆን በውል የሚወሰን ሆነ።

ያ ውል ግንቦት 7 ቀን 1894 በአዲስ አበባ በምኒልክና በእንግሊዙ መልእክተኛ በሃሪንግተን መካከል የተፈረመው ነው። በአራተኛው አንቀጽ ንጉሠ ነገሥቱ በባሮ ወንዝ ላይ፣ በኢታንግ አቅራቢያ፣ በወንዙ ዳር ከ2000 ሜትር የማይበልጥ፣ በስፋቱም ከ400 ሄክታር የማይበልጥ ቦታ ለሱዳን መንግሥት እንዲከራይ ፈቀዱ። ቦታው የንግድ ጣቢያ ብቻ ይሆናል፤ ለፖለቲካም ለጦርም ሥራ አይውልም ተባለ። እንግሊዞች ቦታውን ሲመርጡ ኢታንግን አልፈው ወደ ተራራው ግርጌ ተጠግተው ጋምቤላን ያዙ፤ ጣቢያውም በ1896 ገደማ ተቋቋመ። ድንበሩን ደግሞ ሻለቃ ግዊን የሚባል እንግሊዛዊ ቀያሽ በውሉ ማግስት ዞሮ ባሮን፣ ፒቦርንና አኮቦን ተከትሎ አመለከተ።

የእኔ አሳብ እንዲህ ነው። ይህ ወረዳ በአንድ ጊዜ በሁለት ጌቶች የተያዘ ሳይሆን፣ በዓመቱ ወራት የተከፋፈለ ነበር። ክረምት ሲገባ ባሮ ይሞላል፤ የእንፋሎት መርከቦች ከካርቱም ተነሥተው እስከ ጣቢያው ይደርሳሉ፤ የኢሉባቦር አስተዳደር መቀመጫ ከነበረችው ከጎሬ የሚወርደው መንገድ ግን ጭቃና ጎርፍ ይሆናል። በጋ ሲሆን ውሃው ይጎድላል፤ መርከብ ይቀራል፤ በዚያን ጊዜ ደግሞ የጎሬ ሹም ወታደሩን ይዞ፣ ግብሩን ለመጠየቅ ሊወርድ ይችላል። በሁለት ሺህ ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለችውን ጎሬን በአምስት መቶ ሜትር ላይ ካለችው ጋምቤላ ጋር ያየ ሰው፣ አንድ ገዥ ሁለቱን በአንድ ልብ መያዝ ለምን እንዳቃተው ለመረዳት ብዙ መዝገብ ማገላበጥ አያስፈልገውም።

ሕግ አንባቢ

ለውይይቱ አመሰግናለሁ። «ቅኝ ግዛት» የሚለውን ቃል በተመለከተ ግን ከውሉ ቃል መጀመር ይሻላል። ምኒልክ መሬቱን አልሰጡም፤ አከራዩ። የኪራዩም ዘመን በዓመት ቁጥር አልተገደበም፤ ሱዳን በእንግሊዝና በግብፅ ጥምር አገዛዝ ሥር እስካለች ድረስ ብቻ ተባለ። ብዙ ሰው ይህን ሐረግ አንብቦ ያልፈዋል፤ በእኔ ግምት ግን ከውሉ ሁሉ ብልህ የሆነው ሐረግ እርሱ ነው። በዚያው ዘመን ቻይና ለእንግሊዞች በሆንግ ኮንግ አካባቢ ያከራየችው መሬት ለ99 ዓመት ተብሎ ነበር፤ መሬቱም ቀኑ እስኪደርስ ድረስ ቆየ። የጋምቤላው ኪራይ ግን በሰዓት ሳይሆን በሁኔታ የታሰረ ነበርና፣ ሱዳን ታኅሣሥ 22 ቀን 1948 ነጻነቷን ስታውጅ የውሉ መሠረት በዚያው ቀን ፈረሰ። ጣቢያው ለኢትዮጵያ የተመለሰው በጥቅምት 1949 ነው፤ በመካከሉ ያለው ጊዜ የርክክብ ጊዜ እንጂ የኪራይ ዘመን አይደለም።

ሌላም ነገር አለ። ስለዚህ ውል ሲነሣ ሁልጊዜ የሚጠቀሰው ሦስተኛው አንቀጽ ነው፤ ይኸውም በጥቁር አባይ፣ በጣና ሐይቅና በሶባት ላይ ስለሚሠራ ግድብ የሚናገረው ነው። የአማርኛው ጽሑፍ ወንዙን ከዳር እስከ ዳር ስለሚደፍን ሥራ ብቻ ሲናገር፣ እንግሊዞቹ ግን በራሳቸው ቋንቋ የተጻፈውን ሰፋ አድርገው ይተረጉሙት ነበር። ሰው ሁሉ ይህን ስለ አባይ ሲል ያነሣዋል፤ ሶባትን ግን ይረሳል። ሶባት ማለት በዋናነት ባሮ ከፒቦር ጋር ሲቀላቀል የሚሠራው ወንዝ ነው፤ ስለዚህ የምንነጋገርበት ወረዳ ወንዝ በአንድ ወረቀት ላይ ሁለት ጊዜ ታስሯል፣ አንድ ጊዜ በውሃው፣ አንድ ጊዜ በዳርቻው።

ሲራራ

እኔ ከንግዱ በኩል ልጨምር፤ ምክንያቱም አስተዳደሩ የተከተለው ንግዱን ነው እንጂ ንግዱ አስተዳደሩን አይደለም።

የምዕራብ ኢትዮጵያ ቡና፣ ከጎሬ፣ ከሳዮ (ከደምቢዶሎ) እና ከአካባቢው የሚሰበሰበው፣ ወደ አዲስ አበባ በአጋሰስ ሲወጣ ሳምንታት ይወስዳል፤ የጅቡቲው ባቡር አዲስ አበባ የደረሰው ደግሞ በ1909 ነው። ከዚያ በኋላም ቢሆን በመንገዱ ርዝመት ላይ የየኬላው ቀረጥ ሲጨመርበት ነጋዴው ይከስራል። በቡሬ በኩል ወደ ጋምቤላ መውረድ ግን የጥቂት ቀናት ጉዞ ነው። ስለዚህ ቅፍለቱ በበጋ እየተመላለሰ ቡናውን፣ ሰሙን፣ ቆዳውንና የዝሆን ጥርሱን ጋምቤላ መጋዘን ያገባል፤ ዕቃው የወንዙን መሙላት ጠብቆ በክረምት በመርከብ ይሄዳል። መርከቡ ሲመጣ ደግሞ ጨውና አቡጀዲ ይዞ ይመጣል። ነጋዴው በማርትሬዛ ብር ይገዛል፣ በማርትሬዛ ብር ይሸጣል፤ ብሩ ግን ለወራት መጋዘን ውስጥ እንደ ተኛ ነው፤ ምክንያቱም የሚያመጣው መንገድና የሚወስደው መንገድ በአንድ ወቅት አይከፈቱም። የክሩ ባለቤት «በወራት የተከፋፈለ» ያሉትን እኔ በዚህ ነው የምረዳው። መጋዘኑ በሁለቱ ወቅቶች መካከል የቆመ ድልድይ ነበር።

መጋዘኖቹን የያዙት አብዛኞቹ ግሪኮችና ሶርያውያን ነበሩ፤ አንዳንድ ትልልቅ የውጭ ኩባንያዎችም ወኪል ነበራቸው። በኢጣልያ ወረራ ዋዜማ በነበሩት ዓመታት በኢትዮጵያና በሱዳን መካከል ከሚደረገው ንግድ ትልቁን ድርሻ የሚይዘው ይህ በር ነበር። የጣቢያው ሹም በሱዳን መንግሥት የሚሾም እንግሊዛዊ ነበር፤ ከንግዱ ጋር የቆንስልነቱንም ሥራ ደርቦ ይሠራ ነበር። በኢትዮጵያ በኩል ደግሞ ቀረጡን የሚከታተለው ነጋድራሱ ነው። ሰፊው ቆላ ውስጥ ምን እንደሚደረግ ሁለቱም ብዙ የሚያሳስባቸው አልነበረም፤ የሚያሳስባቸው መንገዱ መከፈቱ ነበር።

አንድ ነገር አልሸሽግም፤ በዚህ መንገድ የተጓዘው ቡናና ሰም ብቻ አልነበረም። ከቆላው ሕዝብ ሰዎች እየተማረኩ በባርነት ወደ ደጋ ይወጡ ነበር፤ ከደጋው ያመለጡት ደግሞ መጠለያ ፈልገው ወደ ጣቢያው ይወርዱ ነበር።

የኦፔኖ ዳር

ባሮን እኛ ኦፔኖ ነው የምንለው፤ የመለያ ስሜም ከዚያ ነው። እስካሁን የተጻፈውን በአክብሮት አንብቤአለሁ፤ ነገር ግን የተከራየው ሰውና ያከራየው ሰው ሲጠቀሱ፣ በኪራዩ ቦታ ላይና በዙሪያው ይኖር የነበረው ሰው እስካሁን የተጠቀሰው በተማረከበት ዓረፍተ ነገር ብቻ መሆኑን ላሳስብ።

የእኛ ሕዝብ፣ አኝዋው፣ የራሱ አስተዳደር ነበረው። በየመንደሩ ኩዋሮ የሚባል አለቃ አለ፤ በምሥራቅና በደቡብ በኩል ደግሞ ኒዬያ የሚባሉ ባለ ዘውድ ቤተሰቦች አሉ፤ ሹመታቸውም በዶቃዎች ምልክትነት ይተላለፋል። አለቃው ሲያጠፋ መንደሩ ተነሥቶ ያወርደዋል። ይህን ልማድ የጎሬ ሹምም ሆነ በሱዳን በኩል በሶባት ዳር ያለው የናሲሩ እንግሊዝ መኮንን በሚገባ የተረዳው አይመስለኝም። ሁለቱም «የምናዘው አንድ ሰው አምጡልን» ይሉ ነበር፤ የሚያገኙት ግን በመንደሩ ፈቃድ የተቀመጠ አለቃ ነበር።

ከዝሆን ጥርስ ንግድ ጋር ጠመንጃ ገባ፤ በተለይ ከደጋው በኩል። ጠመንጃ ከገባ በኋላ የኃይል ሚዛኑ ተለወጠ። የኒዬያው አክዌይ ዋ ቻም ስም የታወቀው በዚህ ዘመን ነው። በ1904 ዓ.ም. ከሱዳን የተላከው የእንግሊዝና የሱዳን ጦር ወደ አኝዋው መንደር ወደ አዶንጋ ሲዘምት አኝዋዎቹ በብርቱ ተዋጉት፤ ጦሩ መኮንኖችንና ብዙ ወታደሮችን አጥቶ ተመለሰ። በኢትዮጵያ በኩል ደግሞ ጎሬ የድንበሩን ጉዳይ በአደራ የሰጠችው ለመጂድ አቡድ ነበር፤ እርሱም በኢትዮጵያ መንግሥት አገልግሎት ውስጥ የገባ ሶርያዊ ነው። በ1908 ባካሄደው ዘመቻ ብዙ የአኝዋ መንደሮች ተጎድተዋል። ሁለት መንግሥታት ሊያስተዳድሩን ሞክረው ሁለቱም የመጡት ከጦር ጋር ነበር፤ በመካከሉ ባሉት ዓመታት ግን የሚያስተዳድረን የራሳችን ልማድ ነበር።

ድንበሩም ቢሆን በወንዝ ስለ ተሰመረ ለካርታ ሠሪው ምቹ ሆነ፤ ለእኛና ለኑዌር ግን ወንዝ መለያ አይደለም፤ መገናኛ ነው። በበጋ ከብቱ ውሃ ወዳለበት ይሄዳል፤ በክረምት ወደ ደረቅ መሬት ይመለሳል። ስለዚህ ጂካኝ የሚባሉት ኑዌሮች በአንድ ዓመት ውስጥ በሁለት መንግሥት መሬት ይኖሩ ነበር፤ ግብር ጠያቂውም ከሁለቱም ወገን ይመጣባቸው ነበር።

ጠያቂ

ለሁላችሁም አመሰግናለሁ፤ ብዙ ተምሬአለሁ። ሁለት ጥያቄ ብቻ አለኝ። አንደኛ፣ ድንበሩ እስከ ፒቦር ድረስ ከሆነ እንግሊዞች ያን ሁሉ ሜዳ ለኢትዮጵያ ትተው በ400 ሄክታር ብቻ ለምን ረኩ? ሁለተኛ፣ ኢጣልያ አገሪቱን ስትይዝ የተከራየችው ጣቢያ ምን ሆነች?

የጎሬ መንገደኛ

ስለ መጀመሪያው፣ አልረኩም። መስመሩ ሲሰመር የአካባቢው ሕዝብ አኗኗር በቂ ትኩረት አልተሰጠውም፤ ስለዚህ ባሮና ፒቦር የሚያቅፉት ሜዳ ወደ ሱዳን የተሾለ ምላስ ሆኖ ቀረ። የሱዳን ባለ ሥልጣኖች ኋላ ላይ ሲያስተውሉት፣ ወደዚህ ምላስ ለመድረስ ለእነርሱ ከናሲር ቅርብ፣ ለኢትዮጵያ ግን ከጎሬ ሩቅ መሆኑን ስላዩ በሌላ መሬት ወይም በሌላ ጥቅም ለመለወጥ ደጋግመው ጠየቁ። አዲስ አበባ ግን እምቢ አለች። የኢትዮጵያ መንግሥት በሜዳው ላይ ብዙ ሥራ ባይሠራም፣ በወረቀት የተገኘውን መሬት በወረቀት አሳልፎ ለመስጠት ፈቃደኛ አልነበረም። ጎሬ በበጋ የምትልከው ጦርም፣ በከፊል ቢሆን፣ «መሬቱ የእኛ ነው» ለማለት የሚደረግ ጉብኝት ይመስለኛል።

ስለ ሁለተኛው፣ ንጉሠ ነገሥቱ በ1928 ከአገር ሲወጡ ጎሬ የመንግሥቱ የመጨረሻ መቀመጫ ሆና ነበር፤ ቢትወደድ ወልደጻድቅ በዚያ የመንግሥቱን ስም ይዘው ቆዩ፤ ራስ እምሩም ወደዚያ መጥተው ነበር። በኅዳር 1929 ጎሬ በኢጣልያኖች እጅ ወደቀች። የተከራየችው ጣቢያ ግን በእንግሊዞች እጅ ቀረች፤ ዙሪያዋ ኢጣልያ፣ ውስጧ ሱዳን ሆነች። ኢጣልያ ጦርነት ካወጀች በኋላ በ1932 ክረምት ኢጣልያኖች ያዟት፤ በመጋቢት 1933 ደግሞ ከሱዳን በኩል በመጣው ጦር ተመለሰች። ከዚያ ጋምቤላ በቤልጅግ ኮንጎ ወታደሮች የጉዞ መሥመር ላይ ሆነች፤ እነርሱም ወደ ሳዮ ወጥተው ሰኔ 26 ቀን 1933 የጄኔራል ጋዜራን እጅ መስጠት ተቀበሉ። ከኮንጎ ጫካ የተነሣ ወታደር በባሮ ዳር አልፎ ደምቢዶሎ ላይ ኢጣልያዊ ጄኔራልን መማረኩ፣ ከርዕሳችን ወጣ ቢልም፣ ሳልጠቅሰው ማለፍ አልቻልሁም።

ከነጻነት በኋላ አስተዳደሩ እንደ አዲስ ተደራጀ። በነሐሴ 1934 የወጣው የአስተዳደር ድንጋጌ ጠቅላይ ግዛት፣ አውራጃ፣ ወረዳና ምክትል ወረዳ የሚለውን መሰላል ሲዘረጋ፣ ገዥው በቤቱ አሽከር ሳይሆን በአገር ግዛት ሚኒስቴር በኩል የሚሾም ባለ ደመወዝ ሹም እንዲሆን ታሰበ። ኢሉባቦር ጠቅላይ ግዛት ስትሆን፣ የጋምቤላ ቆላ ከጎሬ፣ ከቡኖ በደሌ፣ ከሞቻና ከሶርና ገባ ጋር ከአውራጃዎቿ አንዱ ሆነ። ጣቢያዋ ራሷ ግን ከ1933 በኋላም ለተጨማሪ ዓመታት በኪራይ ቀጠለች። ስለዚህ ከ1934 እስከ 1949 ባለው ጊዜ ውስጥ፣ በአንድ አውራጃ ስም የሚጠራ ሰፊ ቆላ በኢትዮጵያ ሹም፣ በመሐሉ ያለችው ጣቢያ በሱዳን ሹም ተይዘው ነበር ማለት ነው። በሌላው ክር ላይ የተካሰሱት ሁለቱ ወንድሞቻችን የተጠላለፉት እዚህ ላይ ነው።

ሕግ አንባቢ

ዝርዝሩ ጥሩ ነው፤ ከዋናው አሳብ ጋር ግን ሙሉ በሙሉ አልስማማም። ወቅቱ አንድ ምክንያት ነው፤ ዋናው ምክንያት ግን የግብሩ ዓይነት ይመስለኛል።

በደጋው የአገዛዙ መሠረት መሬትና ገባር ነበር። ነፍጠኛው (ሰፋሪው ወታደር) በገባር፣ ማለት ግብርና ጉልበት በሚሰጠው ገበሬ ይተዳደራል፤ ባላባቱ የመሬቱን ሲሶ ይዞ ይቀራል፤ መልከኛው (የአካባቢው ሹም) መሬቱን ያውቃል። ይህ ሁሉ የሚቆመው በማረሻ ላይ ነው። በባሮ ቆላ ግን የሚታረስ መሬት አልተለካም፤ ገባር ተከፋፍሎ አልተሰጠም፤ ከብቱ ይንቀሳቀሳል፤ መንደሩ ይነሣል። ሹሙ ከዚያ ሊያገኝ የሚችለው የዝሆን ጥርስና ከብት ነበር፤ ዝሆኑ ሲያልቅ ደግሞ ጥርሱም አለቀ። ስለዚህ ገዥው ጎሬ ላይ ተቀምጦ ከቡናና ከኬላ የሚያገኘውን ትቶ ንዳድ ወዳለበት ለመውረድ ምክንያት አልነበረውም። ክረምቱ ባይኖርም እንኳ አይወርድም ነበር። በሰሜን በኩል ከቄለሙ ባላባት ከጆቴ ቱሉ ጋር ቢተያይ ልዩነቱ ይታያል፤ በዚያ በኩል ግብሩን የሚሰበስብ የታወቀ ባላባት ቤት ስለ ነበረ ንጉሠ ነገሥቱ ሥልጣናቸውን በእርሱ በኩል አስተላለፉ። በአኝዋ መካከል ግን መንደሩ የሚያወርደው ኩዋሮ ነበር፤ እርሱ ደግሞ የንጉሠ ነገሥቱን ግብር በየዓመቱ ሊያረጋግጥ አይችልም።

የኦፔኖ ዳር

የሕግ አንባቢን አሳብ እደግፋለሁ፤ በአንድ ማስተካከያ። ዝሆን ሲያልቅ ግብር መጠየቁ አልቆመም፤ በከብትና በሰው ቀጠለ። ቀደም ሲል ስለ ባርነት የተጻፈውም በዚህ ሥር የሚገባ ነው።

ስለ ርክክቡም አንድ ቃል ልጨምር። በጥቅምት 1949 ባንዲራው ሲለወጥ ጣቢያው የጥንቱ የቡና በር አልነበረም፤ ንግዱ ከወረራው ወዲህ ተዳክሞ ነበር። በነሐሴ 1947 ደግሞ በደቡብ ሱዳን ቶሪት ላይ ወታደሮች ተነሥተው ነበርና፣ ኢትዮጵያ ጣቢያውን የተረከበችው ሱዳን ውስጥ ጦርነቱ በተለኮሰ ማግስት ነው። ከዚያ በኋላ በዚህ ድንበር ላይ የሚሻገረው ቅፍለት ሳይሆን ስደተኛ ሆነ። ጎሬ ቆላውን እንደ ሩቅ ቆላ ማየቷን እንድታቆም ያደረጋት ይህ ይመስለኛል፤ ኬላው የሚቆጥረው ዕቃ ሲያጣ ሰው መቁጠር ጀመረ።

የጎሬ መንገደኛ

ሁለታችሁም ያነሣችሁትን እቀበላለሁ። ወቅቱ የአስተዳደሩን መንገድ ይገልጻል፤ ምክንያቱን ግን የሚገልጸው ግብሩ ነው፤ እኔ ሁለቱን አንድ አድርጌአቸው ነበር። ስለዚህ በርዕሱ ላይ «ከጎሬ የተዳደረው ቆላ» ከማለት «ከጎሬ ግብር የተጠየቀው ቆላ» ማለት ነበረብኝ። ምላሽ ከተሰጠበት በኋላ ርዕስ ማረም ስለማይቻል እንዳለ ትቼዋለሁ፤ የሚያነብ ሰው እስከዚህ ድረስ ከዘለቀ እርማቱን ያገኘዋል።